የማንኮ የክርስትና እናት

ኦክቶበር 6፣ ሰኞ

ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ጓንት አጠለቁልኝ። የብርድ ጓንት እንዳይመስልሽ፣ ደብተሬ! በየጣቱ ቀጭን ሽቦ የተሰፋበት፣ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ጓንት ነው። ያጠለቀልኝ ኢንጂነር ባቲስ ነው። ከሞንቴሬይ የመጣ ወጣት ነው፣ የከተማችን የሁዋሬስ አቧራ ገና ጫማው ላይ አላረፈም።

«ዶኛ ኤርሚኒያ፣ እርስዎ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ። ጓንቱና ካሜራው ያያሉ፣ ሮቦቱ ደግሞ ይማራል።»

«ምን ይማራል?»

«የእርስዎን እጅ።»

እጄን! እኔ ሽቦ ጠምጣሚ ነኝ። የመኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ፣ እንደ ሹሩባ ተሰብስቦ፣ ጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሞበት የሚያልፈው በእኔና በጠረጴዛዬ ሴቶች እጅ ነው። ልጄ ያሬትሲ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ስጠመጥም ኖሬአለሁ። አሁን ለአንድ ብረት አስተማሪ ሆንኩ።

አበልጄ ቻዮ፣ ያሬትሲን ክርስትና ያነሳችልኝ፣ እዚያው አጠገቤ ሆና «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብላ አፏን አጣመመች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ኢንጂነሩ ስሜን ጠርቶ የመረጠው እኔን መሆኑ ትንሽ ደስ አሰኝቶኛል። ይህን ለቻዮ አልነግራትም።

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቀኝ እጄ ደነዘዘች። አጠገቤ ያለው መስኮት መስታወት የለውም፣ ብርዱ ነው።

ኦክቶበር 9

ቻዮ ለሮቦቱ ስም አወጣችለት። ማንኮ። በእኛ ዘንድ አንድ እጁን ያጣ ሰው እንዲህ ይባላል። ሳጥኑ ገና አልተከፈተም፣ ስሙ ግን ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ጓንቱን ዛሬም አደረግሁ። እጄን ያልበኛል።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

ፎርማኑ ሰበሰበን። ሮቦቱ በዲሴምበር ሥራ ይጀምራል። ከጠረጴዛችን የፍጥነት ፈተናውን ያለፈች ሮቦቱ ወዳለበት ክፍል ትዛወራለች። ያላለፈች «በክብር ትሸኛለች» አለ። በክብር! የሞተ ሰው የሚሸኝ ነው የመሰለው።

ከዚያ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እጅ አመመኝ የምትል ካለች ከፈተናው በፊት ታሳውቀን፣ እንረዳታለን» አለ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የጠረጴዛችን ኤዱቪኼስ ባለፈው ዓመት እጄን አመመኝ ብላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች፣ በፋሻ ተመለሰች፣ ከዚያ ወንበሯ ባዶ ሆነ። «ሕመሙ የቤት ውስጥ ሥራ ያመጣው ነው» ብለው አሰናበቷት። አሁን ድልድዩ ሥር ቡሪቶ፣ በቂጣ የተጠቀለለ ምግብ፣ ትሸጣለች፣ የምትጠቀልለውም በግራ እጇ ነው።

እኔ ምንም የለብኝም። ጤነኛ ነኝ። ሮቦቱ ክፍል ያለውን ወንበር ሳልይዝ ከዚህ ፋብሪካ ንቅንቅ አልልም። ያሬትሲ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ትጨርሳለች፣ አለቀ።

ኦክቶበር 23

ኩባያ ከእጄ ወደቀ። ሰማያዊው። እናቴ የሰጠችኝ። ሳሙናው አንሸራቶኝ ነው። ያሬትሲ ስብርባሪውን እየለቀመች ቀና ብላ እጄን አየችው። ይህች ልጅ ነርስ ከመሆኗ በፊት ነርስ ነርስ ማለቷ ያናድደኛል።

ኖቬምበር 2፣ እሁድ

የሙታን ቀን። ከቻዮ ጋር እናቴ መቃብር ሄድን። ነፋሱ አሸዋውን እያነሳ ጧፉን ሁሉ አጠፋብን። ቢጫ አበባዎቹን በክር ማሰር ነበረብኝ። ክሩ ቀጭን ስለነበር እንቢ አለኝ። ቻዮ ከእጄ ነጥቃ በአፍታ አሰረችው፣ ሲያልቅ ደግሞ እጇን እንደ ርጥብ ጨርቅ አራገፈችው። ልማዷ ነው፣ ሁሌም ታደርገዋለች።

ከኋላችን፣ ከሌላ መቃብር አጠገብ፣ ከሌላው ፈረቃ የሆኑ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ያቺ ናት፣ ብረቱን የምታስተምረው።»

«እጇን ሸጠች በያ።»

ቻዮ ልትዞርባቸው ስትል ክንዷን ያዝኳት። የእናቴ መቃብር ላይ ጠብ አይሆንም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ልቤን አቆሰሉኝ። አልሸጥኩም። ጠይቀውኝ ነው። እንቢ ብል ሌላዋን ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ ነው፣ አይደለም እንዴ? መንገዱን ሁሉ ለቻዮ ይህንኑ ስደጋግምላት በመጨረሻ «እኔ ምንም አላልኩሽም እኮ፣ ለማን ነው የምትመልሺው?» አለችኝ።

ኖቬምበር 11፣ ማክሰኞ

ማንኮ ከሳጥን ወጣ። ብርቱካናማ ነው፣ ከሰው ትንሽ ይበልጣል፣ አንገቱ እንደ ሽመላ ይታጠፋል። ናስትሮውን ሲጠመጥም አየሁት። ትከሻ ባይኖረውም ልክ እኔ እንደምዞረው ዞረ፣ መጨረሻ ላይም እንደ እኔ ቆንጠጥ አድርጎ ቆረጠ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። የራስሽን አረማመድ ከኋላሽ ሰው ሲያስመስል እንደማየት ነው።

ኢንጂነሩ እየሳቀ መጣ። «ዶኛ ኤርሚኒያ፣ በዲሴምበር 12፣ በእመቤታችን ቀን፣ እዚሁ ቅዳሴ ይኖራል፣ ማንኮም ይመረቃል። የክርስትና እናት ያስፈልገዋል። ከእርስዎ ሌላ ማን ይሁን? ሪባን ይቆርጣሉ፣ ፎቶ እንነሳለን።»

«የክርስትና እናት? አባቱ ማን ነው?»

«እኔ ልሆን እችላለሁ» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«እንግዲያው እሺ» አልኩት።

ሲሄድ ቻዮ ጎኔን ጎሸመችኝ። «አንቺ፣ ይሄ ልጅ አበልጅነት ምን እንደሆነ ያውቃል?»

«ሞንቴሬይም ቤተ ክርስቲያን አለ። ያውቃል።»

«ለፎቶ ነው የፈለገሽ።»

«እኔ ደግሞ ለፎቶ ክርስትና አላነሳም» አልኳት።

በእኛ ዘንድ አበልጅ የለመነው አይታጠፍም። ቻዮ ቤቷ ሲቃጠል እኔ ጋር ከርማለች፣ እኔ ባሌን ስቀብር ሳጥኑን የገዛችው እሷ ናት፣ አንድም ቀን ውለታ አልቆጠርንም። ሰው ሊቀልድ ከፈለገ በሌላ ነገር ይቀልድ።

ኖቬምበር 19፣ ሌሊት

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ፍራሹ ጎርብጦኝ ነው። እጄን ከአልጋው አንጠልጥዬ ስተኛ ይሻላል፣ ደሙ ወደ ጣቶቼ ይወርዳል መሰለኝ። ያሬትሲ መብራት አብርታ ገባች።

«እማ፣ እጅሽን አሳዪኝ።»

«ሂጂ ተኚ።»

«እዚህ ጋር ስነካሽ ይሰማሻል? አውራ ጣትሽ ይሰማሻል?»

«የሚሰማኝ ያንቺ ጭቅጭቅ ነው።»

«እማ፣ እኔ እኮ ሞኝ አይደለሁም። ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ።»

«ከፈተናው በኋላ» አልኳት። በሩን ዘግታ ወጣች። አለቀሰች መሰለኝ። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ስሜ ይጻፋል፣ ከተጻፈ ፎርማኑ ያየዋል፣ ካየው ኤዱቪኼስ ጎን ቡሪቶ ልጠቀልል ነው። በዚህ ላይ እኔ በግራ እጄ ምንም አልችልም። ታዲያ ምን ላድርግ? እጅ ልስጥ? እጅ አልሰጥም። ሃያ ዓይነት መኪና በእኔ እጅ አልፏል፣ አንድም ቀን አንድ ሽቦ ተሳስቼ አላውቅም። ጽሑፌም ዛሬ ጠማማ ሆነ፣ እስክሪብቶው ርካሽ ነው።

ኖቬምበር 27

ፈተናው ነበር። አለፍኩ!

ለጥቂት ነው፣ ግን አለፍኩ፣ ቻዮም አለፈች። ሦስት ሴቶች ወደቁ። ፎርማኑ ጀርባውን ሲሰጥ ቻዮ ጨርሳ ያስቀመጠችውን ጥቅል ወደ እኔ በኩል ለምን እንደገፋችው አልገባኝም። አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላወራችም። ከአውቶቡስ ስንወርድ ብቻ «ነገ ደግሞ እኔን አንቺ ትሸፍኚኛለሽ» አለችኝ። ምን እንደምሸፍን አልነገረችኝም። እሷ ደግሞ ምን አለባት?

ዲሴምበር 3፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን ጸጥ ብዬ መጻፍ አለብኝ።

በምሳ ሰዓት ኢንጂነር ባቲስ ብቻዬን ጠራኝ። ማንኮ ብልሽት አለበት አለኝ። አሳየኝ። ማንኮ ጠመጠመ፣ ጠመጠመ፣ ከዚያ ቆመ። ናስትሮውን እንደያዘ ክንዱን ወደ ታች ዘርግቶ ሁለት ጊዜ አራገፈ። ከዚያ ሥራውን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቆመ፣ አራገፈ።

«ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም» አለ ኢንጂነሩ። «ከተቀረጸው ነው የተማረው። እርስዎ እየሠሩ እንዲህ ያደርጋሉ እንዴ?»

«እኔ? በፍጹም።»

እጄን አየ። ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

«ምንም አይደለም» አለ በለሆሳስ። «ከበዓሉ በፊት እሰርዘዋለሁ። ማንም አያይም።»

ብረት የሰው አንጀት ይበላል? የእኔን በላ። ብረቱ አልደከመው፣ አላመመው፣ ደም የለው! ግን እጁ እንደደነዘዘበት ሰው ጣቶቹን ያራግፋል። ከእኔ ነው የተማረው። የማላውቀውን ነገር ስሠራ አይቶብኛል።

ይሰርዘው። ምን ቸገረኝ። ይሰርዘውና እንገላገል።

ዲሴምበር 8፣ ሰኞ

ዛሬ ሽቦውን ትቼ ሴቶቹን ስመለከት ዋልኩ። ፎርማኑ ሁለቴ ጮኸብኝ፣ ይጩህ።

ቻዮ ታራግፋለች። ከእሷ ቀጥላ ያለችው ታራግፋለች። ከበሩ ወዲህ ያለችው ጣቶቿን ጭኗ ላይ መታ መታ ታደርጋቸዋለች፣ ያው ነው። ጫፍ ላይ ያለችው ገና በፀደይ የተቀጠረችው ልጅ እንኳ ጀምራለች! ሁሉም ሳያውቁት ነው። እኔ እስከ ዛሬ የቻዮ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ቻምፑራዶ፣ የቸኮሌት አጥሚት፣ ከሚሸጠው ሰውዬ አጠገብ ቆመን ቻዮን ጠየቅኳት። «ሌሊት ትተኛለሽ?»

ትኩሱን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «እጄን አንጠልጥዬ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ነግረሽኛል? ዝም አይነቅዝም ብለን ነው እንጂ።»

«ነቅዟል፣ አበልጄ። እዪው፣ ነቅዟል።»

ከዚያ ስለ ማንኮ ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀችና ደግሞ ዓይኗን በመሀረቧ ጠረገች። «ያ ቆማጣ ብረት፣» አለች፣ «ከእኛ ሁሉ እሱ ደፈረ!»

ዲሴምበር 11

ለኢንጂነሩ እንዳይሰርዘው ነገርኩት።

«ነገ ሥራ አስኪያጁ ይመጣል፣ ዶኛ ኤርሚኒያ። በሰው ፊት ሲያራግፍ ምን እላለሁ?»

«አንተ ምንም አትበል። የክርስትና እናቱ እኔ ነኝ፣ ልጄን ማንም አይነካብኝም።»

አንተ አልኩት። አበልጅ እርስዎ አይባልም። ልጁ ቀላ፣ ኮምፒውተሩን ዘጋ። ይሰርዘው፣ አይሰርዘው ነገ አያለሁ። ፈርቻለሁ። ፈርቻለሁ ማለት ግን እመለሳለሁ ማለት አይደለም።

ዲሴምበር 12፣ አርብ

መጋዘኑ ውስጥ የጓዳሉፔዋን እመቤታችንን ሥዕል በመብራትና በጽጌረዳ አስጊጠው ሰቅለውታል። ጨፋሪዎቹ በቀይ ልብሳቸው፣ በእግራቸው ላይ በታሰረው ቃጭል መሬቱን እየደበደቡ ገቡ። ቄሱ ቀደሱ። ጠበል ሊረጩ ሲሉ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ የማንኮን ሆድ በፕላስቲክ ሸፈነው፣ ቄሱም «ልጅ ጠበል አይፈራም» ብለው ሰዉን አሳቁት። ሥራ አስኪያጁ ከረቫቱን አስሮ ከፊት ቆሟል።

መቀስ ሰጡኝ። ሪባኑ ቀይ ነው፣ ሰፊ።

አልቆረጠልኝም። ጣቶቼ መቀሱን ያዙ፣ ግን አልዘጉልኝም። እንደገና ሞከርኩ። የቃጭሉ ድምፅ እንኳ ቆመ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ኢንጂነሩ እኔን ሊያድነኝ ፈልጎ ይመስለኛል ቁልፉን ተጫነ፣ ማንኮ መጠምጠም ጀመረ። ጠመጠመ፣ ጠመጠመ። ቆመ። ክንዱን ዘረጋ። አራገፈ።

ማንም አልሳቀም። ከኋላዬ የሴቶቹ ትንፋሽ ሲቋረጥ ሰማሁ። እያንዳንዷ የራሷን እጅ ነበር ያየችው።

መቀሱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህን የተማረው ከእኔ ነው» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ይንቀጥቀጥ። «ይኸው በእመቤታችን ፊት፣ እጄ አልዘጋ አለች። ቤት ውስጥ ልብስ ሳጥብ የመጣ አይደለም፣ ማንኮ የሰው ልብስ አጥቦ አያውቅም! የሚያውቀው ይህንን ሥራ ብቻ ነው።»

ቻዮ ቀኝ እጇን አነሳች። «የእኔም!» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ጫፍ ላይ ያለችው ልጅ። ፈተናውን ወድቀው ለበዓሉ የመጡት ሦስቱም አነሱ።

ወደ ኢንጂነሩ ዞርኩ። «አበልጄ፣ ልጅህን ክርስትና አንስቻለሁ። አሁን እለምንሃለሁ። ከዚህ ጠረጴዛ አንዲት ሴት በእጇ ምክንያት እንዳትባረር። ሐኪም መጥቶ ሁላችንን ይየን፣ ያመጣው ሥራው ከሆነም ሥራው ነው ብሎ ይጻፍ።»

ልጁ ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ ከረቫቱን አየ።

«እሺ፣ አበልጄ» አለ ኢንጂነሩ በትንሽ ድምፅ።

«አልሰማንም፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

«እሺ አበልጄ!»

መጋዘኑ በጭብጨባ ተናጋ። ሪባኑን ቻዮ በጥርሷ ቀደደችው።

ዲሴምበር 15፣ ሰኞ

ከቢሮ የመጣችው ሴትዮ «በዓል በዓል ነው፣ ሥራ ሥራ ነው» አለችን። ማንኮ እንዲታረም ታዟል፣ እኛም ወደ ሥራ።

ጥሩ። ወደ ሥራ ገባን። ኢንጂነሩ ግን «ማራገፉን ከሰረዝኩበት መጠምጠሙንም ይረሳል» ብሏቸዋል። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እመቤታችን ታውቃለች። ማንኮ ቆሞ ባራገፈ ቁጥር ጠረጴዛችን በሙሉ ይቆማል፣ እጃችንን እናራግፋለን። እሱ ሲቀጥል እንቀጥላለን። ማንም አላዘዘም። ፎርማኑ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብሎ ሲጮህ ቻዮ «አዲሱን መሣሪያ እየተከተልን ነው፣ ጌታዬ። ከሱ ፍጥነት እኩል ሁኑ ብላችሁን አልነበር?» አለችው።

ከሰዓት በኋላ የሚቀጥሉት ጠረጴዛዎችም ጀመሩ። ያቺ መቃብር ላይ «እጇን ሸጠች» ያለችኝ ሴት ፈረቃ ስትቀይር በአጠገቤ አለፈችና እጇን ከፍ አድርጋ አራገፈችልኝ።

ዲሴምበር 17

አሁንም። ቀኑን ሙሉ። ሥራ አስኪያጁ ከላይ በመስታወት ያየናል።

ዲሴምበር 19፣ አርብ

ሐኪም መጣ። ከውጭ የመጣ፣ ትንሽ መዶሻ የያዘ። ሁላችንንም መረመረን። ፈተናውን የወደቁት ሦስቱም ተጠርተው መጡ። እኔን ሲያይ ቀና ብሎ «እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ።

ጃንዋሪ 6፣ ማክሰኞ

የነገሥታት ቀን ነው። የበዓሉን ዳቦ ፋብሪካ ይዘን ገባን። ዳቦው ውስጥ ተደብቃ የምትጋገረው አሻንጉሊት የደረሰችው ለኢንጂነር ባቲስ ነው፣ ስለዚህ በፌብሩዋሪ ለጠረጴዛው ሁሉ ታማል፣ በቅጠል የተቀቀለ የበቆሎ ጥቅል፣ የሚያበላው እሱ ነው። «አበልጄ፣ ይህንንም እናንተ ናችሁ ያዘጋጃችሁት» ብሎ ማለ። አይደለም። ቻዮ ብቻ ናት።

የወደቁት ሦስቱ ሴቶች ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ናቸው። ኤዱቪኼስም ሐኪሙ ጋ ለመቅረብ ቀን ይዛለች፣ ቢሮው ግን ያለፈ ጉዳይ ነው እያለ ያንገራግራል። እንጠብቃለን፣ ካልሆነም እንደገና እናራግፋለን። እኔ ሐኪሙ ለእጄ ያዘዘልኝ ቀዶ ጥገና እስኪደርስ ማንኮ አጠገብ ቆሜ ቁልፉን እጫናለሁ። ሁለተኛ ማንኮ ይመጣል ይላሉ። ይምጣ። ቻዮ ከአሁኑ ለክርስትናው የምትለብሰውን ቀሚስ መርጣለች።

ሐኪሙ የጻፈውን ያሬትሲ ራት ላይ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያ «አየሽ፣ እማ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እሷ ስትተኛ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ገለጥኩት። ብርድ፣ ሳሙና፣ ክር፣ ፍራሽ፣ እስክሪብቶ። ሁሉንም ከስሻለሁ፣ አንዱን ብቻ ትቼ። አሁን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፣ ፊደሉ ቢንጋደድም ይነበባል። እጄን ያመኛል። ያሳመመኝ ሥራው ነው።